የበለዘ ጥርስ ትንቢት

ንጉሥ አርጋድ በሰንደራ በነገሠ በሰባተኛው ዓመት፣ የግንቡ ታላቅ ደወል መቺ ሳይኖረው ሦስት ጊዜ ጮኸ። የደወሉ ጠባቂ ባሕታዊም «የበለዘ ጥርስ ከቆላ በጠፋ ጊዜ፣ ጉልበት ሁሉ ይጸናል!» ብሎ ወድቆ ሞተ። ምናለ አንድ ቃል ጨምሮ ቢሞት ኖሮ!

በሰንደራ ሹመት የሚገኘው በጉልበት ነው። ወጣቶች በየዓመቱ የግንቡን ሦስት መቶ ደረጃ ይሮጣሉ፤ ደወሉን የመታ ይሾማል። ጥርሳቸው የበለዘ ቆለኞች ግን አንድም ቀን መትተውት አያውቁም። ደገኛው «ጉልበት የሚሰብረው ጥርሱ ነው» ይላል። ቆለኛው «ዳኞቹ ጥርሳችንን እያዩ ይጠሉናል» ይላል። ዳኞቹ ከቆዳ መጋረጃ ጀርባ ሆነው የደወሉን ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰሙት።

ንጉሡ ደግ ሰው ነበር፤ ጣጣውም ይኸው ነው። «ልጆቼን ከመርገም ላውጣቸው» አለና፣ በአርባ ቀን ውስጥ በቆላ ያለ የበለዘ ጥርስ ሁሉ በጉጠት እንዲነቀል አዋጅ አስነገረ።

ቶራ በምትባል የቆላ መንደር ሙናየት የምትባል የሃያ ዓመት ወጣት ነበረች። እሷም ሁለት መቶኛው ደረጃ ላይ ጉልበቷ ከድቷት ወድቃለች። ስትወድቅ መጋረጃው ተገልጦ ዳኞቹን አይታቸዋለች፤ አንደኛው ያንቀላፋ ነበር። አሁን የጨነቃት ለራሷ አልነበረም። ታናሽ እህቷ ዘንፊት ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ትልልቆቹ ጥርሶቿ ገና መብቀላቸው ነው፣ በልዘዋል፣ እሷም ስትስቅ አፏን ከፍታ ነው።

«የአክስቴ ልጅ እዚሁ ተወልዶ ደጋ አደገ። ጥርሱ ነጭ፣ ጉልበቱም ብርቱ ነው። ደማችን አንድ፤ ታዲያ ምኑ ተለየ?» ብላ ጎርፉ የሚባል የመንደሯን ሰው ጠየቀችው። ጎርፉ ዕድሜውን ሙሉ በአህያ ውሃ ሲሸጥ የኖረ ጎባጣ ሽማግሌ ነው።

«እኔን ከጠየቅሽኝ፣ የሚጠጣው ውሃ ነው» አላት።

በሰንደራ የሚምል ሰው ጥቁር ድንጋይ ነክሶ ነው የሚምለው። ሁለቱም ነከሱ። «እውነቱን ሳላገኝ ብመለስ ጥርሴ ይርገፍ!» አለች ሙናየት።

ወንዙን ይዘው ሽቅብ ወጡ። በየመንደሩ ልጆችን «እስኪ ሳቁ፣ እስኪ ሩጡ» ስትል ሰው አበደች አላት። በየደረሱበት የበለዘ ጥርስና የደረቀ ጉልበት ነበር። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ወንዙ ለሁለት ተከፈለ፤ ቀዝቃዛው ከተራራ፣ ትኩሱ ከዋሻ ይመጣል። በቀዝቃዛው ዳር የሚኖሩት ያው ቆለኞች ናቸው። ልጆቻቸው ግን ጥርሳቸው ወተት ነበር፤ እንደ ፍየል ግልገልም ይዘልሉ ነበር።

በዋሻው ውስጥ ሸንጎር የተባለው ዘንዶ ተኝቶ፣ ላቡ ወደ ትኩሱ ምንጭ ይንጠባጠባል። ሙናየት አልቅሳ ተቀመጠች። «ጥርሱ ጉልበቱን ምንም አላደረገውም፤ ሁለቱም የዚህ መርዝ ልጆች ናቸው» አለች።

ዘንዶው አይገደልም። የዋሻው ጣራ ግን በአንድ የድንጋይ ምሰሶ ላይ ነበር የቆመው። ሙናየት ምሰሶውን ልትሰብር ከስንቃቸው መዶሻ አወጣች፤ ጎርፉ ግን ከእጇ ወሰደው።

«አባባ፣ ከገቡ አይወጡም!»

«አንቺስ በዚህ ጉልበት ትወጫለሽ እንዴ? እኔን የሚጠብቀኝ አህያ ነው፤ አንቺን እህትሽ። ሂጂ ልጄ።»

ተራራው ተናደ። ትኩሱ ምንጭ ዘንዶውንም ጎርፉንም ይዞ ለዘላለም ተደፈነ።

ሙናየት ሮጠች፤ የደረቀ ጉልበት ግን የቱንም ያህል ቢቸኩል አይፈጥንም። ከከተማው በር የደረሰችው በአርባ አንደኛው ቀን ነበር። ወታደሮቹ አፏን አዩና ያዟት። «አይዞሽ እህቴ፣ ለራስሽው ነው» እያሉ ጥርሷን ሁሉ በርኅራኄ ነቀሉላት።

ደም እየተፋች ንጉሡ ፊት ቆመችና የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ንጉሡ አዘነላት። «ልጄ፣ ልቤ ያምንሻል። ሕግ ግን ሕግ ነው፤ ድንጋዩን ነክሰሽ ማዪልኝ» አላት። ድንጋዩን ከድዷ ላይ አደረገችው። አዳልጧት ወደቀ። ደግማ ሞከረች፣ ደግሞ ወደቀ። ጥርስ የሌለው አይምልም፣ ያልማለም አይታመንም።

ቤቷ ስትደርስ ዘንፊት አፏን በመዳፏ ሸፍና በሩ ላይ ተቀምጣ ነበር።

አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ። የቆላ ልጆች ቀዝቃዛውን ውሃ ብቻ እየጠጡ አደጉ፤ ጥርሳቸው ነጣ፣ ጉልበታቸውም ጸና። በዚያ ዓመት አንዲት የቶራ ልጅ ሦስት መቶውን ደረጃ ወጥታ ደወሉን መታች። አገሩ በእልልታ ቀለጠ። «ትንቢቱ ደረሰ! ጉጠቱ ይባረክ!» ተባለ፤ ጉጠቱም በወርቅ ተለብጦ ግንቡ ላይ ተሰቀለ።

«ውሃው ነው! ጎርፉ ነው!» ብላ ጮኸች ሙናየት። ጥርስ የሌለው አፍ ያወጣውን ቃል የሰማ ግን አልነበረም። «ምን አለች?» ብለው ሳቁ።

በዚያው ቅጽበት ከሩቅ አገር የመጡ መንገደኞች በበሩ ገቡ። መካከላቸው ያለች ትንሽ ልጅ ደወሉን ሰምታ ሳቀች፤ ጥርሷ የበለዘ ነበር። ሕዝቡ «እሰይ፣ በጊዜ መጣች!» አለና ወርቃማውን ጉጠት ሊያወርድ በደስታ ሮጠ።

ዘንፊት ግን ቀድማ ደርሳ ተንበረከከች፤ አሥራ ሁለት ዓመት የራሷን አፍ ስትሸፍንበት የኖረችበትን እጅ አንሥታ፣ የልጅቷን አፍ ሸፈነች።