የዳይሮን ክርን

የቤዝቦል ኳሷ እንደገና ዝቅ ብላ መጣች። ማይሌን ጓንቷን መሬት አስነክታ ያዘቻትና ሳትመልሳት ትንሽ ቆየች።

«ምን ታፈጫለሽ? ወርውሪያ» አላት ወንድሟ ዳይሮን፣ ከጓሮው ማዶ ከማንጎው ሥር።

«ስትወርድ ይቺ ሦስተኛዋ ናት።»

«ሆን ብዬ ነው። አቦ አታካብጂ።»

ሆን ብሎ አልነበረም። ማይሌን ገና ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ዳይሮን በሁለት ዓመት ይበልጣታል። አባታቸው ከታመመ ጀምሮ ግን በየቀኑ የወንድሟን ኳስ የምትቀበለው እሷ ስለሆነች፣ ኳሱ ጓንቷ ውስጥ ሲያርፍ የሚያሰማውን ድምፅ ታውቀዋለች። ከሳምንት በላይ ሆነው ያ ድምፅ ከደከመ።

ኳሷን በእጁ ልትሰጠው ስትጠጋ የዘንዶ ስብ ሸተታት። ጎረቤታቸው አሮጊቷ ኤሎይሳ ጉልበታቸውን የሚያሹበት ነው። በዚያ ከተማ መገጣጠሚያውን ያመመው ሁሉ እሱን ይቀባል። ቆዳን ያሞቃል፣ ሕመሙን ለአንድ ሰዓት ያስረሳል፤ ሰውም የዳነ ይመስለዋል። ለወርዋሪ ክፋቱ እዚያ ላይ ነው።

«ክርንህ ነው?»

ዳይሮን ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት አየ። እናታቸው እዚያ ነበረች። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለማንም እንዳትናገር ለመናት። ቅዳሜ የክፍለ ሀገሩ የወጣቶች ቡድን ምርጫ ነው፤ ከዘጠኝ ወርዋሪዎች ሦስቱ ብቻ ናቸው የሚወሰዱት። ቅዳሜን ካለፈ በኋላ ክንዱን ያሳርፋል። እሷም ቃል ገባች።

አባታቸው ኡባልዶ ከሞተ ሰባት ሳምንት ሆኖታል። ለክፍለ ሀገሩ ዐሥራ አንድ የውድድር ዘመን ወርውሯል፤ አንዱን ክረምት ደግሞ ሜክሲኮ ተጫውቶ የሩዝ መቀቀያ ይዞ ተመልሷል። መናፈሻው ዛፍ ሥር በየቀኑ ስለ ቤዝቦል የሚጨቃጨቁት ሰዎች በምንም ጉዳይ አይስማሙም፤ በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ። ኡባልዶ የዋና ከተማውን ቡድን፣ በወትሮው ዘጠኝ ዙር ፈንታ ዐሥራ ሦስት ዙር ሙሉ ብቻውን ወርውሮ፣ ኳሱን ለተተኪ ወርዋሪ አልሰጥም ብሎ አሸንፏል። አሁን ዳይሮን ባለፈ ቁጥር ጭቅጭቃቸውን ይተዉና «የኡባልዶ ልጅ ቅዳሜ ያሳያቸዋል» ይባባላሉ።

ከዚያ ጨዋታ በኋላ የሆነውን ማንም አያወራም። በሚቀጥለው ዓመት ሦስት ጨዋታ ብቻ ወርውሮ፣ በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ አቆመ። ማይሌን የምታስታውሰው አባቷን ነው እንጂ ወርዋሪውን አይደለም፤ በብርዳማ ጠዋት ክርኑ አልታጠፍ ሲለው እናቷ የሸሚዙን የላይኛ ቁልፍ ስትቆልፍለት፣ እሱ አንገቱን ቀና አድርጎ ሲቀልድ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኖርሄ መጣ። አባቷ ሲጫወት ኳሱን የሚቀበለው ተቀባይ እሱ ነበር። ከቀብሩ ወዲህ በየሐሙሱ እየመጣ አንድ የተበላሸ ነገር ይጠግናል፤ ብዙም አያወራም። የዚያን ቀን የጓሮውን በር ሲያስተካክል ማይሌን ምስማር እያቀበለችው ስለ ዐሥራ ሦስቱ ዙር ጠየቀችው።

«በዘጠነኛው ክንዱ አልቆ ነበር» አለ ኖርሄ። «ኳሱ ጓንት ውስጥ ሲገባ ታውቂዋለሽ።»

«ታዲያ?»

«የተቀባይ ሥራ መቀበል ብቻ አይደለም፣ ልጄ። እንዲህ ሲሆን የፊት መከላከያ ጭምብልሽን አውልቀሽ ወደ አሰልጣኙ ትሄጃለሽ። እኔ አልሄድኩም። አባትሽ በዓይኑ ዝም በል አለኝ፤ ጓደኛ ጓደኛውን አያሳጣም ብዬ ዝም አልኩ።» መዶሻውን አስቀመጠ። «ከብዙ ዓመት በኋላ 'ምነው ያኔ አልሄድክ?' አለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።»

ማይሌን ስለ ዳይሮን አልነገረችውም። የሚቀጥለውን ምስማር አቀበለችው።

ቅዳሜ ሜዳው ላይ የቡድኑ ተቀባይ ገና ልብሱን እየለበሰ ስለነበር፣ አሰልጣኝ ኢባራ ወንድሟን እንድታሟሙቅ ጠሯት። ሌሎቹ ወርዋሪዎች ሳቁ። «ዳይሮን ሞግዚቱን ይዞ መጣ» አለ አንዱ። እሷ የተዋሰችውን ጭምብል አጥልቃ ቁጢጥ አለች።

አምስተኛው ኳስ ወረደ። ዘጠነኛው ከፊቷ መሬት ላይ ነጠረ። በዐሥረኛው ዳይሮን ክርኑን ሲያጥፍ ዓይኖቹን ጨፈነ።

ማይሌን ተነሥታ ጭምብሉን አወለቀች። ዳይሮን በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ።

«ቃል ገብተሻል» አለ በቀስታ።

እሷ ኳሷን ሣሩ ላይ አስቀምጣ አሰልጣኙ ወደተቀመጡበት አግዳሚ መራመድ ጀመረች። አርባ እርምጃ ያህል ነው። ምን ብላ እንደምትጀምር አሰበች። ከኋላዋ የሚሮጥ እግር ሰማች። ትከሻዋን ይዞ ሊመልሳት ነው ብላ ጠበቀች። እሱ ግን አልፏት ሄደ።

«አሰልጣኝ» አለ ዳይሮን። «ክርኔ አልታጠፍ ብሎኛል። ዐሥራ አንድ ቀን ሆነው።»

ኢባራ አልጮኹም። ክንዱን ይዘው ቀስ ብለው አጠፉት፤ ከውስጥ በኩል ሲጫኑት ዳይሮን ጥርሱን ነከሰ።

«ዛሬ ብትወረውርልኝ ኖሮ በጥቅምት የምመርጠው ልጅ አይኖረኝም ነበር» አሉ። «በጥቅምት ሌላ ምርጫ አለ። አሁን ወደ ሐኪም።»

ሐኪሟ ክርኑን እያገላበጠች ለረጅም ጊዜ አየችው። አብጧል፤ ጅማቱ ግን አልተበጠሰም። ሁለት ወር ኳስ የሚባል ነገር አይነካም፤ ከዚያ በኋላ ይወረውራል። ዳይሮን ደግማ እንድትነግረው ጠየቃት። ደገመችለት።

ወደ ቤት የተመለሱት አግዳሚ ወንበር በተገጠመለት የጭነት መኪና ነው። ዳይሮን ክንዱን በጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እስከ ድልድዩ ድረስ መንገዱን ሲያይ ቆየ።

«ተናድጄብሻለሁ» አላት በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«እስከ ሰኞ ድረስ አላናግርሽም።»

«እሺ።»

ትንሽ ቆይቶ ሲስቅ ሰማችው፤ ሳቁ ከማልቀስ ብዙም አይርቅም ነበር። ከዚያ ራሱን የመኪናው ግድግዳ ላይ አስደግፎ አፉን ከፍቶ ተኛ። ዐሥራ አንድ ሌሊት በስሱ ግድግዳ በኩል ሲገላበጥ ሰምታዋለች።

መኪናው ስኳር ፋብሪካው ጥግ ቆመ። ፊት ለፊታቸው የተቀመጠች የሰፈራቸው ሴት በጉልበቷ ነካ አደረገቻት።

«መውረጃችሁ አይደለም እንዴ?»

ማይሌን ወንድሟን አየችው። ከመጨረሻው ፌርማታ ወደ ቤት በእግር ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል።

«ዛሬ እስከ መጨረሻው ነን» አለች በሹክሹክታ፤ መኪናው ሲነሣም ራሱ እንዳይናወጥ ትከሻዋን አስጠጋችለት።