ድርቆሹን ማን አስቀረው?

አባትየው የተገኙት የገፈራው ጎተራ ውስጥ በግንባራቸው ተደፍተው ነው። ጎተራው የተከተከተ እርጥብ የበቆሎ አገዳ ታፍኖ የከብት መኖ እስኪሆን የሚብላላበት ነው፤ ገና እንደተሞላ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። ቁስል የለ፣ የትግል ምልክት የለ።

ከሳሽ ግን አልጠፋም። «ኮምፒውተርሽ ነው ወንድሜን የበላው!» አለ አጎትየው በሟቹ ሴት ልጅ ላይ ጣቱን ቀስሮ። «ዛሬ ገፈራው ይከፈት ያለው ያንቺ ዕቅድ አይደል?»

የእርሻው የሒሳብ ሞዴል የልጅቱ ሥራ ነው፤ መሬቱን፣ እህሉን፣ መኖውንና ላሞቹን አመዛዝኖ በየሳምንቱ ምን መደረግ እንዳለበት ይናገራል። አዲስ ገፈራ ሳይበስል እንዳይከፈት የሚከለክል ገደብ በገዛ እጇ አስገብታበት ነበር። አሁን ስታየው ገደቡ ተሰርዟል። አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ?

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «መዥገር» ይሏታል፤ አንዴ ከያዘች አትለቅም። ማንንም ሳትጠይቅ በረት ገብታ የላሞቹን መመገቢያ ገንዳ በእጇ ዳበሰች።

«ድርቆሽ» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ ገፈራ የሚበሉ ከሆነ ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?»

«እኔማ ልሸጠው ነበር» አለ አጎትየው። «ዕቅዱ ተርፏል ሽጠው አለኝ። መኪና ባመጣ ይሄ ባሏ መለሰብኝ። ዛሬ ደግሞ ወገቤን አመመኝ ስላለ ወንድሜ በሱ ፋንታ ጎተራ ገባ።»

ከብቶቹን የሚያረባው ባልየው ትከሻውን ሰበቀ። «ድርቆሹን እንዲያው ለጥንቃቄ ነዋ ያስቀረሁት።»

መርማሪዋ ሦስቱንም በረቱ ደጃፍ ላይ ሰበሰበቻቸው። «ሞዴሉን መንካት የሚችለው ማነው?»

«እኔና እሱ» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ። «አራስ ሆኜ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

«አጎትሽ ዕቅዱን አምነው ድርቆሹን ሊሸጡ ተነሱ። አባትሽም አምነው ጎተራ ገቡ። ያላመነው አንድ ሰው ነው። ገፈራው ዛሬ ለላሞቹ እንደማይደርስ ስላወቀ ድርቆሽ አስቀረላቸው። ያወቀው ደግሞ ገደቡን ራሱ ስለሰረዘው ነው።» ወደ ባልየው ዞረች። «ለላሞቹ ተጠንቅቀሃል። ለአማትህስ?»

የባልየው ፊት አመድ መሰለ። «ላሞቼን ሊሸጡብኝ ነበር! ለመንኳቸው፤ እምቢ አሉ።» ወደ ሚስቱ ዞሮ ጮኸ። «ይሸጡ ያለውስ ያንቺው ሞዴል አይደል?»

ልጅቱ እንባ አልመጣላትም። ልጇን አቅፋ በእምነት ያስተማረችው ሰው ከድቷታል፤ የከዳትም በገዛ እጇ ሥራ ነው።

«አባዬ ሒሳብ አያውቅም» አለችው። «ጎተራው ውስጥ የገባው ልጄ ብላለች ብሎ ነው።»