ያን ሐሙስ ዜናውን ማን ጻፈው?

ስሙኝማ፣ እኔ ሙሉ ማለት በጅንም በዛርም በጥላም የማላምን፣ ሰው «አይረባም፣ ነገር አለበት» ብሎ የሸሸውን ቤት ኪራዩ ርካሽ ነው ብዬ ገብቼ ተደላድዬ የኖርኩ ሴት ነኝ። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሰው ደግሞ ምን ያምናል፣ ነገሩ እምቢ ካለ ወይ መብራት የለም ወይ ገመዱ አልተሰካም፣ አለቀ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ «ይቺ ደግሞ ለጉድ የተፈጠረች ናት» እንዳትሉኝ ነው፣ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ፣ የእኔን መስከረም ያጠባው ጉድ ይኸው።

ወልድያ ውስጥ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ድረ ገጽ የምንሠራ ሁለት ሰዎች ነን፣ እኔና ሰይድ። የቢሮአችንን ስም አልጠራም፣ ማስታወቂያ ልትሠሪብን ነው ትሉኛላችሁ። ግን ልኩራባት፣ ይገባኛል! የመርሳ ፍራፍሬ ነጋዴ በሉት፣ የሲሪንቃ ችግኝ ሻጭ በሉት፣ እዚሁ ያለው ሆቴል በሉት፣ ስማቸው አገር ያወቀው በእኛ እጅ ነው፣ አዲስ አበባ ያሉት ድርጅቶች በሰው ብዛት የሚሠሩትን እኛ መብራት እየሄደ እየመጣ እንሠራዋለን፣ ያውም አሳምረን።

የራሳችን ገጽ ላይ ደግሞ «ዜናና አስተያየት» የምትል ዓምድ አለችን። ለማን ምን ሠራን፣ ስለ ሙያው ምን እናስባለን፣ ሐሙስ ሐሙስ አንድ ነገር እናወጣባታለን፣ እመኑኝ፣ አንዴ «ስልክ ላይ የማይከፈት ድረ ገጽ በገበያ ቀን የተዘጋ ሱቅ ነው» ብዬ ጽፌ ስንት ደንበኛ ደረጃችንን እየሮጠ እንደወጣ አትጠይቁኝ። እኔ እጽፋለሁ፣ ሰይድ ያርማል፣ እኔ እቆጣለሁ፣ መጨረሻ ላይ እሱ ያለው ይሆናል። ሐሙስን ዘለን አናውቅም ነበር። «ዜናው ያረጀበት ገጽ ባለቤቱ የሞተበት ቤት ይመስላል» የሚለው እሱ ነው።

ጦርነቱ ወደኛ ሲቀርብ ሰይድ ሥራ ሊያስረክብ ደሴ ሄዶ ነበር። እናቱ እማ ዘሀራ ደግሞ ዓይናቸው ሲያስቸግራቸው ለልጃቸው እንኳ ሳይናገሩ ከመርሳ ተነሥተው ለሕክምና ወልድያ መጡና እኔ ቤት አረፉ። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፣ ከተማችን ተያዘች፣ መብራትም ስልክም ኢንተርኔትም ባንድ ላይ ጭጭ አሉ። ገጻችን የተቀመጠው ውጭ አገር ስለሆነ ደሴ ያለ ሰው ከፍቶ ያነበዋል፣ እኛ ግን ከወልድያ አንዲት ፊደል ማስገባት አንችልም። እኔም ኮምፒውተሮቹን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ ጓሮዬ ቀበርኳቸው፣ ቢሮው ውስጥ የቀሩት አንድ አሮጌ ስክሪንና ኪቦርዱ ብቻ ነበሩ።

እማ ዘሀራን የሚበላቸው አንድ ነገር ነው። ሰይድ እናቱ መርሳ ያሉ ይመስለዋል፣ ይኑሩ ይሙቱ አያውቅም።

«ልጄን አውቀዋለሁ» ይሉኛል፣ «አስችሎት አይቀመጥም፣ እኔን ፍለጋ በእግሩ ይመጣል፣ እመንገድ ላይ ይቀርብኛል።»

እኔም «አብሽሩ እማ፣ ሰይድ ብልህ ነው፣ አይመጣም» እላቸዋለሁ፣ ሆዴ ግን እንደሚመጣ ያውቃል። በዚያ መንገድ ወጥተው የቀሩትን ልጆች ስም በየቀኑ እንሰማ ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ እንዲህ ያለ ነገር የሚመጣው በሌሊት ነው ያለው ማነው፣ በጠራራ ፀሐይ ነው የምላችሁ፣ እማ ዘሀራ ከመደቡ ቀና ብለው፦

«ሙሉዬ፣ ዛሬ ሐሙስ አይደል?» አሉኝ።

«ነው እማ።»

«እንግዲያስ ልጄ ዛሬ ያነባል። ተነሽና ጻፊለት።»

«እማ ዘሀራ፣ መብራት የለ፣ መስመር የለ፣ በምን ልጻፍልዎ?»

«አንቺ ጻፊ፣ ማድረሱን ለአላህ ተይው። ግን እዚያው ከምትጽፉበት ይሁን።»

እምቢ ልል ነበር፣ ደሞ ፊታቸውን አየሁት። ለአንዲት እናት ልብ ማሳረፊያ ብጽፍ ምን ይለኛል፣ ባዶ ኪቦርድ ነክቼ «ጻፍኩልዎ» ብል ማን ይጎዳል ብዬ ክንዳቸውን ያዝኩና ወጣን።

ደረጃውን ስንወጣ ከላይ ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። አይጥ ናት አልኩ በሆዴ። ቁልፉን ሳዞር ጸጥ አለ፣ ገባን። አቧራው ጠረጴዛው ላይ ወንፊት የነፋው ይመስል ተኝቷል፣ ኪቦርዱ ግን ጥርት ብሎ ተጠርጓል። የሰይድ ወንበር፣ እኔ ራሴ ጠረጴዛው ሥር አስገብቼው የሄድኩት ወንበር፣ ወጣ ብሎ ወደ በሩ ዞሯል።

እማ ዘሀራ ወደ ክፍሉ ዘወር ብለው «አሰላሙ አለይኩም» አሉ።

«ለማን ነው እማ?»

«ለተቀመጠው ነዋ።»

«ማንም የለም እኮ!»

«የደከመው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም። አሁን ሲጽፍ አልነበር?»

እዚያው ዞሬ መውጣት ነበረብኝ፣ ግን እኔ ሙሉ ነኛ፣ በአይጥ ምክንያት ከገዛ ቢሮዬ ልሸሽ? ወንበሩን ሳብ አድርጌ ተቀመጥኩ፣ የጠቆረውን ስክሪን ፊት ለፊቴ አድርጌ ጣቶቼን አስቀመጥኩ። የኪቦርዱ ገመድ ከጠረጴዛው ጫፍ ተንጠልጥሏል፣ ምንም ላይ አልተሰካም። ሥራ ሥራ ነውና እንደ ወጋችን «ከቢሮአችን» የምትለዋን ርዕስ አስቀደምኩ።

«'እናትህ ወልድያ ሙሉ ቤት ናት፣ ደህና ናት' በዪ» አሉ እማ ዘሀራ።

«እሺ።»

«'ዓይኗም ተሽሏታል' በዪ።»

«መቼ ተሻለዎት?»

«አልተሻለኝም፣ አንቺ ግን እንደዚያ በዪ፣ አይጨነቅብኝ። 'ሙሉ እንደ እናቷ ይዛታለች' በዪ።»

ይሄን ሲሉማ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፣ እንኳን አላዩኝ። ጻፍኩ፣ አንዲት ቃል ሳልዘል ጻፍኩ፣ ለደንበኛ እንኳ እንደዚያ ተጠንቅቄ ጽፌ አላውቅም። ሲያበቃ «ይኸው እማ፣ ጨረስኩ» ብዬ ሁለቱንም እጆቼን አንሥቼ ጭኔ ላይ አኖርኳቸው።

ድምፁ አልቆመም።

ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ቀስ ብሎ፣ እያሰበ እንደሚጽፍ ሰው፣ ቁልፎቹ አንድ ባንድ ወረድ ቀና ሲሉ በዓይኔ በብረቱ አየሁ፣ ጥጉ ላይ ያለችው ትንሽ አረንጓዴ መብራትም በርታለች፣ ገመዱ እዚያው እንደተንጠለጠለ ነው! ስለ ማርያም እላችኋለሁ፣ ሦስቴ አማተብኩ።

«ጨረስኩ ብለሽ አልነበር? ምን ጨመርሽ?» አሉ እማ ዘሀራ።

«እማ... እኔ አይደለሁም።»

ትከሻዬን ያዙኝና ቀስ ብለው «ቢስሚላህ። ተይው፣ አትረብሺው፣ ይጨርስ» አሉ።

ጨረሰ። ድምፁ ቆመ፣ መብራቷም ጠፋች። እሳቸው ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው፣ ወደ ባዶው ጠረጴዛ ጎንበስ ብለው «ጀዛከላህ» ብለው አመሰገኑና «በይ እንሂድ፣ ደርሷል» አሉኝ። እኔ ቤቴ እስክገባ ትንፋሼን አላገኘሁትም፣ እሳቸው ግን ያን ማታ፣ መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ለማንም አልተናገርኩም። ረሀብ ነው፣ ድካም ነው፣ ሰው ሲጨነቅ የማያየውን ያያል እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ወራት አልፈው ከተማችን ስትለቀቅ ሰይድ መጣ፣ ጺሙ አድጎ፣ ከስቶ፣ እናቱን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ እሳቸውም «አላልኩሽም?» የሚል ዓይን ወደኔ ጣሉ። ከዚያ እሱ ወደኔ ዞረና፦

«ሙሉ፣ ያችን ዜና ባታወጪ ኖሮ ዛሬ አታገኚኝም ነበር» አለኝ።

«የቷን ዜና?»

ስልኩን አወጣ። ያን ሐሙስ ገጹን ሲከፍት ፎቶ አንሥቶ ያስቀመጣት ናት። «ከቢሮአችን። እናትህ ወልድያ ሙሉ ቤት ናት፣ ደህና ናት። ዓይኗም ተሽሏታል። ሙሉ እንደ እናቷ ይዛታለች።» ከሥሯ ደግሞ እኔ ያልጻፍኳት፣ እማ ዘሀራም ያላሏት አንዲት መስመር አለች፦ «በግራና በኩል እንዳትመጣ።»

ያን ቀን ሰይድ ከሁለት የመርሳ ልጆች ጋር እስከ ሐይቅ ከተማ ወጥቶ፣ በማግስቱ ሲነጋጋ ግራና በምትባለው ከተማ በኩል ወደ መርሳ በእግር ሊያቋርጡ ተቃጥረው ነበር። እንደ ልማዱ ሐሙስ ነው ብሎ ገጹን ከፈተ። ሲያነባት እግሩ አልነሣ አለው፣ ልጆቹንም «ቅሩ» ብሎ ለመናቸው፣ ልጆቹ ግን እናቶቻቸው መርሳ ነበሩና ሄዱ። አልተመለሱም።

ገጹን ከፈትን፣ ዜናዋ አለች፣ ጸሐፊዋ በእኔ ስም፣ ቀኗም ያው ሐሙስ። ገጻችን የተቀመጠበትን ኩባንያ ጠየቅን፣ «እንደ ወትሮው ከራሳችሁ ቢሮ ነው የገባው» አሉን፣ ከተማው በሙሉ መስመር አልነበረውም ብንላቸው ይቅርታ ጠየቁን። የይለፍ ቃሉን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን። ሰይድ ጻፈው እንዳልል ስለ ዓይናቸው የተባለውን ከየት አመጣው፣ እኔ ጻፍኩት እንዳልል ስለ ግራና ማን ነገረኝ? የጻፈው የሁለታችንንም ያውቅ ነበር። ሰይድ «ወላሂ እኔ አይደለሁም» ብሎ ማለ፣ እኔም በእመቤቴ ማልኩ።

እማ ዘሀራ ግን መርሳ ገበያ ላይ ደረታቸውን ነፍተው «የልጄ መሥሪያ ቤት መብራት አያሻውም!» እያሉ ያወራሉ፣ እኛን ፍለጋ የሚመጣው ደንበኛ እኩሌታው የእሳቸው ነው። እኔም ብፈራም እኮራለሁ፣ ለምን እዋሻችኋለሁ፣ ሁሉም ነገር በጨለመበት ጊዜ አንዲት የወልድያ ቢሮ ዜናዋን አወጣች፣ ያ ዜና የአንዲት እናትን ልጅ አተረፈ። ጠዋት ስገባ ያን ወንበር ወደ በሩ ዞሮ ካገኘሁት ግን አልነካውም፣ ሌላ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ።

ዛሬም ሐሙስ ሐሙስ እጽፋለሁ። ሰይድ ከኋላዬ ቆሞ ያነባል፣ ያርማል፣ እቆጣለሁ። አንዳንዴ አንዲት መስመር ላይ ሲደርስ ይቆምና ቀስ ብሎ «ይቺን አንቺ ነሽ የጻፍሻት?» ይለኛል።

«እኔ ነኝ» እለዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ እውነቴን ነው።