ለላፕቶፕ የተቆለፈ በር

ሩዋይዳ የሞተችው ከመድኃኒቷ አሥር እርምጃ ርቃ ነው። አስሟ ሲነሣባት ወደ አፏ የምትነፋው መድኃኒት ቦርሳዋ ውስጥ፣ ቦርሳዋ ደግሞ ከንባብ ክፍሉ ውጭ መደርደሪያ ላይ ነበር። ሸዋ ሮቢት በሚገኘው ብርሃነ ይፋት ቤተ መጻሕፍት ላፕቶፕ የሚዋስ ሰው ቦርሳ ይዞ አይገባም፤ ከገባም በሩ ከውጭ ይቆለፍበታል፤ ሲያንኳኳ ይከፈትለታል። ባለፈው ወር በጁምዓ ሰዓት አንድ ላፕቶፕ ከጠፋ ወዲህ የወጣ ደንብ ነው።

ኢንስፔክተር ሐረገወይን ቅዳሜ ጠዋት ስትደርስ ገና በሦስት ሰዓት ግድግዳው ግሏል። ሐኪሙ በልጅቷ ጥፍሮች ውስጥ አረንጓዴ ቀለም ማግኘቱን ጽፏል። በሩ ከነጓጉንቸር ማንጠልጠያው አረንጓዴ የተቀባው አርብ ጠዋት ነው፤ እሷ የሞተችው አርብ ቀትር ላይ። በሩን ቧጥጣለች ማለት ነው። የተከፈተ በር ደግሞ አይቧጠጥም።

«ጋሽ ኡበይድ ናቸው» አለ ኃላፊው ሄኖክ፣ ገና ሳይጠየቅ። «ቆልፈውባት ጁምዓ ሄዱ። ሲመለሱ ከፍተው ጮኹ።»

ጥበቃው ኡበይድ ፖሊስ ጣቢያ አድረው ነው የመጡት። ነገሩ ከጸናባቸው ወደ ቤታቸው አይመለሱም።

«ወላሂ አልቆለፍኩም፣ ልጄ። ቀለሙ እርጥብ ነበር፤ ጓጉንቸሬን ኪሴ ከትቼ ሄድኩ። ስመለስ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።»

«ማን አይቷል?»

«አላህ።»

«እሱን ቃል መቀበያው ላይ ማስፈረም አልችልም። ጓጉንቸሩን ይስጡኝ።»

አገላብጣ አየችው። ዝገት እንጂ ሌላ ቀለም የለውም። ከዚያ ላፕቶፖቹ የሚቀመጡበት ግራጫ ካቢኔ ፊት ቆመች።

«የዚህ ጓጉንቸር ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋ ብቻ» አለ ሄኖክ ደረቱን ነፍቶ። «ከኔ እጅ አይወጣም።»

የመጻሕፍት ሠራተኛዋን በላይነሽን ጠረጴዛዋ ድረስ ሄዳ አነጋገረቻት።

«እትዬ በላይነሽ፣ ሲንኳኳ ሰምተዋል?»

«ሁሌም ይንኳኳል። ይሞቃቸዋል፣ ውሃ ይጠማቸዋል።»

«ትናንትስ?»

በላይነሽ ጠረጴዛዋ ላይ ያሉትን መጻሕፍት መደርደር ጀመረች።

ሐረገወይን ሦስቱንም ንባብ ክፍሉ ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ከካቢኔው የተፈታውን ጓጉንቸር ከኡበይድ ጓጉንቸር አጠገብ አኖረች። የካቢኔው ጓጉንቸር ቅስት ብረት ላይ አረንጓዴ ቀለም ደርቋል።

«ካቢኔው ግራጫ ነው። ይህ ጓጉንቸር ቀለሙን ያገኘው አርብ ቀን፣ እርጥብ ከነበረው ማንጠልጠያ ነው። ቁልፉ አንድ ሰው እጅ ብቻ አለ። አቶ ሄኖክ፣ ጥበቃው ለጁምዓ ወጥተዋል፣ በሩ አልተቆለፈም፣ ልጅቷ ላፕቶፕ ይዛለች። ያለፈው ወር ስርቆት ትዝ አለዎት። የካቢኔውን ጓጉንቸር ፈትተው በሩ ላይ አደረጉትና ምሳ ሄዱ። እትዬ በላይነሽ፣ ሲንኳኳ ማን ጋ ደወሉ?»

«እሱ ጋ» አለች በላይነሽ በቀስታ። «‹ምሳ ላይ ነኝ፣ ትታገሥ› አለኝ።»

«እርስዎስ?»

«እኔም... ምሳ ወጣሁ።»

«አቶ ሄኖክ ተመልሰው ከፈቱ። ወድቃለች። ጓጉንቸሩን ወደ ካቢኔው መልሰው ጋሽ ኡበይድ እስኪመጡ ቢሮዎ ተቀመጡ። ያኔ ትተነፍስ ነበር?»

ሄኖክ ጓጉንቸሮቹን ያይ ነበር። «ላፕቶፑን ለማዳን ነው» አለ።

«ድኗል» አለች ሐረገወይን።

ኡበይድ ተነሡ። የክፍሉን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ጋሽ ኡበይድ» አለች በላይነሽ፣ «ይቅር ይበሉኝ። ቃሌን መስጠት ነበረብኝ፤ ፈርቼ ነው።»

«እኔ አንድ ሌሊት ነው ጣቢያ ያደርኩት። የልጅቷ አባት ጀውሃ ከተማ ነው ያለው፤ ሄደሽ እሱን ይቅርታ ጠይቂ።»

ወጥተው በሩን ከኋላቸው ዘጉት። ውስጥ የቀሩት፣ መርማሪዋም ጭምር፣ ከውጭ የመቆለፍ ድምፅ ይሰማ እንደሆን ጆሯቸውን አቀኑ።