የእሜቴ ሐዘን

«ኧረ ጉድ! ድመታችሁ አፏ ይሸታል!»

ሬዲዮ ይህን ያለችው እሜቴን ጉንጯ ላይ ለጥፋ ፎቶ ልትነሳ ስትል ነው። ሬዲዮ የተባለችው ወሬ ስለምታበዛ ነው፤ አስተማሪዎቹ ሳይቀሩ በዚሁ ስም ይጠሯታል፤ እሷም ምንም ሳይመስላት አቤት ትላለች። አሁን ግን ድመቷን በሁለት እጇ ከፊቷ አርቃ፣ አፍንጫዋን ሸብሽባ ቆማለች።

«ቀስ በይ! ትሰማሻለች» አለች ድንቡሼ።

«ማን? ድመቷ?»

«እናቴ ናታ!»

«እሺ በቃ። ግን የምሬን ነው። አያቴ መንጋጋዋን ሳታስነቅል በፊት ልክ እንዲህ ነበር የምትሸተው። ስትስመን ትንፋሻችንን ውጠን ነበር የምንቆየው።»

ድንቡሼ ሳቋ መጣ፤ ግን አልሳቀችም። ሬዲዮ የመጣችው እሷን ልትጠይቅ ብቻ አይደለም፣ እሜቴን ልታይ ነው። እሜቴን አሁን የማያውቅ የለም። ከሐዘኑ በኋላ አንዲት ዘመዳቸው፣ ድመቷ ሳህኗ ድረስ ሄዳ፣ አሽትታ፣ ፊቷን አዙራ ስትመለስ በስልኳ ቀርጻ «ጌታዋን ያጣችው ድመት እህል አልቀምስ አለች» ብላ ለቀቀችው። አገር ጉድ አለ። ቤቱን የማያውቅ ሁሉ «እንስሳ ከሰው ይሻላል» እያለ ጻፈ።

ጌታዋ የድንቡሼ ታላቅ ወንድም ነበር። በሞተር ብስክሌት ለየቤቱ ዕቃ እያደረሰ የሚሠራ፣ ቤት ሲገባ ከበር ጀምሮ የሚጮህ ቀልደኛ ልጅ። ድመቷን ገና ዓይኗን ሳትገልጥ በልጅነቱ ከውሃ መውረጃ ቱቦ ውስጥ አውጥቶ ያሳደጋት እሱ ነው። ስትጠራ ጆሮ ዳባ ልበስ ስለምትልና እየተጎማለለች ስለምትሄድ «እሜቴ» አላት። እህቱን ደግሞ ምግብ ስለምትወድ «ድንቡሼ» አላት። አንድ ማለዳ ወጣ፤ ከባድ መኪና ገጨው፤ አልተመለሰም።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ቤት አልሆነም። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ጨርቅ ለብሶ ጥግ ይዟል፣ የደንበኞቿ ያላለቁ ልብሶች ወንበር ላይ ተከምረዋል። ምግቧ ጠዋት ሻይ፣ ማታ የዳቦ ጠርዝ፣ በቃ። ሰው ሊያጽናናት ሲመጣ ብቻ ከአልጋዋ ትነሳና እሜቴን ታሳያለች። «እስቲ እዩአት» ትላለች። «ልትበላ ትሄዳለች፤ ከዚያ ትዝ ይላታል፤ ትመለሳለች።» ይህን ስትል ፊቷ ትንሽ ይበራል። ያንን ፊት እያየ ሌላ ነገር ለመናገር ማን አፉን ይከፍታል?

ሬዲዮ ስትሄድ ድንቡሼ የተፈጨ ሥጋ አቅርባ ኩሽናው ወለል ላይ ተቀመጠች። እሜቴ መጣች። እንዲያውም ባረጁ እግሮቿ ሮጠች ማለት ይቻላል። አሸተተች፣ ጎረሰች፣ ጭንቅላቷን ወደ ግራ አዘነበለች፤ ወዲያው ጮኸችና ሥጋውን ተፋችው። በመዳፏ ጉንጯን ደጋግማ መታች። ከዚያ ፈንጠር ብላ ተቀምጣ ሳህኑን ታይ ጀመር። ይህ የሐዘንተኛ ዓይን አይደለም። የራበው ፍጡር ዓይን ነው፤ ረሃብን ድንቡሼ ታውቃለች።

ጉበት ቀቀለች፣ በሾርባው ላመችው፣ ለብ አድርጋ በጣቷ ሰጠቻት። እሜቴ አንዴ ላሰች፣ ሁለቴ ላሰች፣ ከዚያ ሸሸች። ድንቡሼ አቅፋ ስታባብላት የጀርባዋ አጥንት አንድ በአንድ እጇ ላይ ተቆጠረ። አንጀቷን በላቻት።

እናቷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ምን እያደረግሻት ነው?»

«ላበላት ነው። አፏን አሟታል መሰለኝ እማዬ።»

«ያመማትስ ልቧን ነው። ተያት። ሐዘኗን አትቀሚያት።»

በማግስቱ ከትምህርት ቤት መልስ፣ እናቷ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋት፣ ድንቡሼ እሜቴን በልብስ ቅርጫት ከታ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ሐኪሟ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ረጅም ሴት ናት። የእሜቴን ከንፈር ገለጥ አድርጋ አየችና ፉጨት አሰማች። ውስጡ ጠቁሯል፤ ድዱ አብጦ መግል ቋጥሯል።

«አይ እሜቴ! ይህንን ተሸክመሽ ነው እስከ ዛሬ የከረምሽው?»

«ሐዘን አይደለም ማለት ነው?» አለች ድንቡሼ።

«የምን ሐዘን?»

ድንቡሼ ነገረቻት። ሐኪሟ የድመቷን አናት ዳበሰች። «ልቧን ከፍቼ አላየሁም የኔ ቆንጆ፤ ያየሁት አፏን ነው። አፏ ግን ለብቻው ይበቃል። ጥርሶቹ መነቀል አለባቸው። እንቅጩን ልንገርሽ፤ አርጅታለች፣ ከማደንዘዣው ላትነቃ ትችላለች። ካልተነቀሉ ደግሞ ረሃቡ ይጨርሳታል። ለዚህ ትልቅ ሰው ያስፈልገኛል። ነገ ይዘሽ ነይ።»

ድንቡሼ በቀጥታ ወደ አባቷ ጋራዥ ሄደች። አባቷ ከመኪና ሥር ወጥቶ በግራሶ የጠቆረ እጁን በቡትቶ እየጠረገ ሰማት። ቅርጫቱን ከፈተ፣ እሜቴን አየ፣ መልሶ ከደነው።

«ነገ እመጣለሁ» አለ። «ለእናትሽ ግን ሆድ ይፍጀው። ስትበላ ካየች፣ ቀስ በቀስ ተጽናናች እንላታለን።»

ነገሩ ቀላል ነበር። ድንቡሼ መንገዱን ሙሉ ይህንኑ ውሸት በልቧ እየተለማመደች ተጓዘች፤ እቤት በር ላይ ስትደርስ ግን አቃጠላት። ተጽናናች ማለት፣ እሜቴም ተወችው ማለት ነው። እናቷ ይህን ከሰማች ማን ይቀርላታል?

እናቷን አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ አገኘቻት።

«እማዬ፣ እሜቴን የያዛት ሐዘን አይደለም። ጥርሷ በስብሷል። ሐኪም አሳየኋት።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ትሞታለች እኮ!»

«ማን ፈቀደልሽ ነው ያልኩሽ!»

ከዚያ የእናቷ ድምፅ ዝቅ አለ። ጩኸቱ ይሻል ነበር።

«ሁላችሁም በላችሁ» አለች። «አባትሽ ከቀብር መልስ በላ። አንቺም በላሽ። ኩሽናውን ዘግታችሁ ስትበሉ የማልሰማችሁ ይመስላችኋል? ማንኪያው ይሰማኛል። ከእኔ ጋር የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች። አሁን እሷንም ጥርስ ነው በይኝ!»

የድንቡሼ ፊት ጋለ። እውነት ነው። በቀብሩ ማግስት ርቧት ነበር፤ ሩዝ ደጋግማ በልታለች፤ እያለቀሰች፣ ከንፍጧ ጋር እየዋጠች በልታለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በጎረሰች ቁጥር ወንድሟን የካደች ይመስላታል። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

«ይርበኛል እማዬ» አለች። «እሱን እያሰብኩም ይርበኛል። ምን ላድርግ? እሜቴም ይርባታል። ስላቃታት ነው እንጂ ስላልፈለገች አይደለም የማትበላው።»

«ውጪልኝ።»

ወጣች። እናቷ በማግስቱም አላናገረቻትም። አባትና ልጅ ድመቷን ይዘው ሲወጡ የመኝታ ቤቱ በር እንደተዘጋ ነበር።

ሐኪም ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ አባቷ ጥፍሩን በጥፍሩ ይፈቀፍቃል። «ነገርሻት አይደል?» አላት።

«ነገርኳት።»

«አይ ልጄ! ብትሞትስ?»

ድንቡሼ ዓይኗን የተዘጋው በር ላይ ተከለች። እሜቴ ምላሷ ወጥቶ፣ በማደንዘዣው እግሮቿ ተዘርግተው ወደ ውስጥ ሲያስገቧት አይታለች፤ የሞተች ነው የምትመስለው። ከሞተች ገዳይዋ እሷ ናት፤ እናቷ ዕድሜ ልኳን ይቅር አትላትም። ለምን አርፌ አልተቀመጥኩም፣ እያለች ራሷን ትረግማለች።

ሐኪሟ እጇን እያደረቀች ወጣች። «ወይዘሮዋ ነቅታለች። ግን ገና ነው፤ ከመዳከሟ የተነሳ ታሰጋለች። ማታ ላይ ትንሽም ቢሆን መቅመስ አለባት። የላመና ለብ ያለ ነገር ስጧት።»

አመሻሽ ላይ ድንቡሼ የላመውን ዓሣ በሳህን አድርጋ፣ እሜቴን በሌላ እጇ ታቅፋ ቆመች። አባቷ የጓሮውን በር ከፈተላት።

«እዚያ አብያት። እናትሽ ማየቱን አትችለውም።»

ሁለት እርምጃ ሄደች። ጓሮው ቀዝቅዟል። ከዚህ በኋላ ድመቷም ልክ እንደነሱ ተደብቃ ልትበላ ነው? ድንቡሼ ተመለሰች። አባቷ «ተይ» ሲላት አልቆመችም። የመኝታ ቤቱን በር ሳታንኳኳ ከፈተች።

እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ድንቡሼ ሳህኑን አልጋው ሥር አስቀመጠች፣ እሜቴን አጠገቡ አቆመቻት፣ እሷም መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«አውጫት» አለች እናቷ።

«አላወጣትም።»

እሜቴ ተንገዳገደች። ከንፈሯ አብጧል። አሸተተች። አንዴ ላሰችና ሕመሙን የምትጠብቅ ይመስል ቀጥ አለች። ሕመሙ አልመጣም። ደግማ ላሰች። ፀጥ ባለው ክፍል ውስጥ የምላሷ ድምፅ ጎልቶ ይሰማል። የእናቷ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ድንቡሼ ድምፁ እናቷን ምን እያደረጋት እንደሆነ ገብቷታል፤ እሷም ጆሮዋን ብትይዝ ደስ ባላት። ሳህኑን ግን አላነሳችም።

«ረስታው ነው» አለች እናቷ ለግድግዳው።

«አልረሳችውም።»

«በምን አወቅሽ?»

«እኔ ስላልረሳሁት።»

እሜቴ ፈጠነች፤ አፍንጫዋ እስኪነከር ሳህኑ ውስጥ ገባች።

«ባንዴ አትስጫት» አለች እናቷ በሻከረ ድምፅ፣ ሳትዞር። «ባዶ ሆዷን ነው። ታስመልሳለች።»

ድንቡሼ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበች። ጣቷን ነክራ ዘረጋችላት፤ እሜቴ ላሰች። እንደገና ነከረች። ከውጭ አባቷ ስሟን ቀስ ብሎ ጠራ። አቤት አላለችም፤ ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ከዚህ ክፍል አትወጣም።