የወረቀቱ ጀርባ

ይህን የምነግራችሁ አስተማሪ ሆኜ አይደለም፤ አስተማሪ ብሆንማ መጀመሪያ ራሴን ባስተማርኩ ነበር። ሶፋ አዳሽ ነኝ። ሰፈራችን ከከተማው ዳር፣ አውቶቡሱ ዞሮ የሚመለስበት ቦታ ነው። ለእድሳት የመጣ ሶፋ ሁሉ ባለቤቱ እስኪወስደው ድረስ የፖለቲካ ተከራካሪዎች መቀመጫ ስለሆነ ሱቄን የማያውቅ የለም።

ዋናዎቹ ተከራካሪዎች እኔና የእህቴ ባል ነን። እሱ መኪና መንዳት ያስተምራል። ቀኑን ሙሉ «ፍሬን ያዝ! ፍሬን!» እያለ ስለሚጮህ የሰፈሩ ሰው ለራሱ «ፍሬን» የሚል ስም አወጣለት። እኔ የጃንጥላ ምልክት ያለውን ፓርቲ እደግፋለሁ፤ እሱ የመሰላሉን። ላንቃችን እስኪሰነጠቅ እንጨቃጨቅና ምሳ ሲደርስ እናቴ ቤት አንድ ገበታ ላይ እንቀርባለን።

እናቴ የደም ግፊት አለባት። ማክሰኞ ማክሰኞ ምርኩዟን ይዛ ወደ ሰፈራችን ትንሽ ክሊኒክ ትሄድ ነበር፤ በሷ እርምጃ እንኳ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ነርሷ ትለካታለች፣ መድኃኒቷን ታስተካክልላታለች፣ ጨው አበዛሽ ብላ ትቆጣታለች። «የወለድኳቸው እንኳ እንደሷ አይቆጡኝም» ትል ነበር፣ ደስ እያላት።

የምርጫው ቀን ጠዋት ፍሬን ሱቄ መጣ።

«ጋሼ፣ ሰልፉን አየኸው?»

«አላየሁም፤ ምነው?»

«ሦስት ሰዓት ያቆማል። እስቲ አስበው፤ አንተ ጃንጥላ ትመርጣለህ፣ እኔ መሰላል። ያንተ የኔን ያጠፋል፣ የኔ ያንተን። ታዲያ ለዜሮ ብለን እግራችን ለምን ይደንዝዝ? ሁለታችንም እንቅርና እንጣፋ!»

«ብልጥ! ዞር ስል ሹልክ ብለህ ብትመርጥስ?»

«ሙት ስልህ! እዚሁ ሶፋህ ላይ ነው የምውለው፤ ጠብቀኝ።»

ሳቅን፣ እጅ ለእጅም ተመታታን። ወሬው በቀልድ በቀልድ ተዛመተ። ፀጉር አስተካካዩ ከጎረቤቱ ጋር፣ ቧንቧ ሠራተኞቹ ወንድማማቾች እርስ በርሳቸው እየተጣፉ መጡና እስከ ምሳ አምስት ጥንድ ሆንን። አሥር ጎልማሳ ካርታ ስንጫወት ዋልን። ደስ የሚል ቀን ነበር፣ አፈር ልብላና!

ወደ አመሻሹ ላይ እናቴ እያዘገመች በደጃችን አለፈች። ጣቷ ላይ ቀለም አለ።

«መረጣችሁ?»

«እኛ ተጣፍተናል እማዬ» አልኳትና ነገሩን አስረዳኋት። አልሳቀችም።

«የወረቀቱ ጀርባስ?»

«የምን ጀርባ?»

«ጀርባው ላይ ስለ ክሊኒካችን ይጠይቃል። እዚሁ ይቆይ ወይስ ከመሀል ከተማው ጤና ጣቢያ ጋር ይጠቃለል ይላል። በሱም ትለያያላችሁ?»

ፍሬን ካርታውን እየበወዘ፣ «አያስቡ እማማ፣ እሱንማ ማን ይነካዋል! ሰው ሁሉ ይቆይ ነው የሚለው» አላት። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ምርጫ ጣቢያው ከመንገዱ ማዶ ነበር፤ ሊዘጋ ገና አንድ ሰዓት ይቀረው ነበር። ግን ጥሩ ካርታ ደርሶኝ ስለነበር አልተነሳሁም።

ለካ ወደ መሀል ያሉት ሰፈሮች ጤና ጣቢያው ደጃቸው ነው። እነሱ ተሰልፈው «ይጠቃለል» አሉ። ክሊኒካችን በዘጠኝ ድምፅ ብልጫ ተዘጋ። ዘጠኝ! እኛ አሥር ነበርን እኮ።

ከዚያ በኋላ ለግፊት መለኪያ ሁለት አውቶቡስ መያዝ ግድ ሆነ። እናቴን «ሄድሽ?» ስንላት «ሄጃለሁ» ትለን ነበር። አልሄደችም። ሥራ እንዳታስፈታን ብላ ነው። በአምስተኛው ወር አንድ ጠዋት እህቴ እናቴን ወለል ላይ ወድቃ አገኘቻት። ነፍሷ ተረፈች፤ ቀኝ እጇና እግሯ ግን አልታዘዝ አሉ፣ ንግግሯም ተያዘ። ሐኪሙ «ግፊቷን የሚከታተልላት አልነበረም?» ብሎ ሲጠይቅ እኔና ፍሬን ተያየን። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አሥራችንም ፊርማ አሰባስበን ወደ ወረዳው ሄድን። ጸሐፊዋ ወረቀታችንን አነበበችና «ያኔ የት ነበራችሁ?» አለች። ካርታ ስንጫወት ነበር ይባላል?

ወገኖቼ፣ በአመለካከት መለያየት ነውር የለውም። እኔና ፍሬን ዛሬም እንጨቃጨቃለን። የኛ ጥፋት የሚያለያየንን ይዘን ተቀምጠን፣ አንድ የሚያደርገንን ለሌላ ሰው መተዋችን ነው። ድምፃችሁን የሌላው ድምፅ ያጠፋዋል ብላችሁ አትቅሩ። እኛ ስንቀር የጠፋው የእናታችን ጤና ነው።

በሚቀጥለው ምርጫ ሰልፉ ላይ ከማንም ቀድመን ተገኘን። ፍሬን የእናቴን ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ «እማማ፣ ፍሬን ልያዝ?» ሲላት በግማሽ ፊቷ ፈገግ አለች። እስክሪብቶ መያዝ ስለማትችል እንዳግዛት ተፈቀደልኝ። በግራ እጇ ወደ አንዱ ምልክት ጠቆመችኝ፤ የትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም፣ ምስጢሯ ነው። ምልክት አደረግኩላትና ወረቀቱን ላጥፈው ስል እጄን ያዘችኝ።

«ጀር... ጀርባው» አለችኝ።

ገለበጥኩት። ባዶ ነበር።