የይሕደጎ የመጨረሻ ትንፋሽ

ኢንስፔክተር ደሪቱ ደቻሳ ከሰሚት ኮንዶሚኒየም ጀርባ ወዳለው የአምቡላንስ ጣቢያ ስትደርስ አስከሬኑን ማንም አላነሳውም ነበር። የጣቢያው አንጋፋ ፓራሜዲክ (የአምቡላንስ ሕክምና ባለሙያ) እና የሰልጣኞች አስተማሪ የነበረው ይሕደጎ፣ ስንቱን ሕመምተኛ ባመላለሰበት አምቡላንስ ውስጥ፣ ቃሬዛው ላይ በጀርባው ተኝቷል። ከንፈሩ ጠቁሯል። ቀኝ እጁ ባዶ ሲሪንጅ ይዟል፤ ከጎኑ አንገቱ የተሰበረ የመድኃኒት ብልቃጥ ወድቋል። የደንብ ልብሱ ጃኬት ዚፕ እስከ ጉሮሮው ድረስ ተዘግቷል።

«ራሱን ነው ያጠፋው» አለ በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ።

ደሪቱ ወደ ቃሬዛው ቀረበች። ጓንት አጥልቃ የሟቹን ግራ እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበች። ክርኑ መታጠፊያ ላይ ጥጥ ተደርጎ በፕላስተር ተለጥፏል። ቀስ አድርጋ ስታነሳው ከስሩ አንዲት የመርፌ ቀዳዳ ብቻ አየች። ቀና አለች። ከቃሬዛው ራስጌ፣ እጅ በቀላሉ በሚደርስበት ቦታ፣ ትንፋሹ ለቆመ ሰው አየር የሚሰጡበት ፊኛ ተሰቅሏል። ማሸጊያው አልተቀደደም።

መጀመሪያ ያነጋገረችው አስከሬኑን ያገኘውን ቂርቆስን ነው። የይሕደጎ የሥራ ጓደኛ ነው፤ ለዓመታት በአንድ መኪና ሠርተዋል።

«ዕቃ ልሞላ ወደ መኪናው ስገባ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት» አለ። «የልብ ምት የለውም። ክንዴ እስኪዝል ደረቱን ስጫን ቆየሁ። አልተመለሰም።»

«ለምን ራሱን ያጠፋ ይመስልሃል?»

ቂርቆስ ፊቱን በመዳፎቹ ሸፈነ። «ፌናን ከሞተች ወዲህ ሰው አልነበረም። ይኼ ሥራ ከውስጥ ይበላል፣ ኢንስፔክተር። መንገዱ ይዘጋል፤ እንደምንም ስንደርስ ሆስፒታሉ አልጋ የለም ይላል። ሰው እጅህ ላይ ያልቃል፤ አንተ ደግሞ ደሙን አጥበህ ወደሚቀጥለው ትሄዳለህ።»

ፌናን ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ሰፊ ነበረች። ባለፈው ሳምንት አስሟ ተነስቶባት ማሽኗ ላይ ስትወድቅ ሊወስዷት የሄዱት ይሕደጎና ቂርቆስ ነበሩ። መንገድ ላይ ሞተች። መኪናውን ይነዳ የነበረው ለሜሳ ደግሞ አጎቷ፣ የእናቷ ወንድም ነው።

ለሜሳን ጥበቃ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ አገኘችው። ሽማግሌ ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«ጋሽ ለሜሳ፣ ይሕደጎን ይጠሉት ነበር?»

«ዛሬ ጠዋት ጠልቼው ነበር። ውሸት ምን ያደርግልኛል? እኔ ከፊት ሆኜ እነዳለሁ፤ ከኋላ የሚሆነውን አላይም። ልጅቷን እንደ ልጄ ነው ያሳደግኳት። ጠዋት መጥቶ ‹ከሰዓት ቤትህ እመጣለሁ፤ ለአንተና ለእህትህ ስለ ፌናን የምነግራችሁ ነገር አለ› አለኝ። ‹አሁን ንገረኝ!› ብዬ ኮሌታውን ያዝኩት። የገላገለን ቂርቆስ ነው።»

«ቂርቆስ ያላችሁትን ሰምቷል?»

«መሃላችን ቆሞ እንዴት አይሰማም?»

ሦስተኛ ያነጋገረችው ሰልጣኟን ሰምሃልን ነው። የመማሪያ ክፍሉ ጥግ ላይ ተኮራምታለች።

«ይሕደጎ በመርፌ ፈተና ደጋግሞ ጥሎሻል ይባላል።»

«ደም ሥር አላገኝም። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ከስንት ሙከራ በኋላ ነው የሚሳካልኝ። መምህር ይሕደጎ ግን አባሮኝ አያውቅም። የራሱን ክንድ ነበር የሚሰጠኝ። ‹ውጊኝ፤ ከበሽተኛ እኔ ይመመኝ› ይለኝ ነበር።» ለቅሶዋን ዋጠች። «ዛሬም ልለማመድ ነበር። ‹ራሴን አሞኛል፣ መኪናው ውስጥ ትንሽ ልረፍ› አለኝ። ቆይቼ ስሄድ ቂርቆስን በሩ ላይ አገኘሁት። ‹አበቃ፣ ሞቷል። ሂጂ ጋሽ ለሜሳን ጥሪው› አለኝ።»

«ገብተሽ አላየሽውም?»

«እሱ ባለሙያ ነው፤ እኔ ሰልጣኝ ነኝ። ሞቷል ሲለኝ አመንኩት።»

ደሪቱ ብልቃጡን አሳየቻት። «ይኼ ምንድን ነው?»

«ጡንቻን የሚያዝል መድኃኒት ነው። የመተንፈሻ ቱቦ ወደ ሳንባ ከመግባቱ በፊት ይሰጣል። የተወጋው ሰው ወዲያው ይዝላል፤ ጣቱን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም። መተንፈስም አይችልም፤ በፊኛ አየር እየሰጡት…» ሰምሃል ወደ አምቡላንሱ አቅጣጫ ዞረች። ፊቷ አመድ መሰለ።

ደሪቱ ወደ ግቢው ወጥታ ለአስከሬን መርማሪው ሐኪም ደወለች። ስትመለስ ሦስቱንም በመማሪያ ክፍሉ ሰበሰበቻቸው። ሰልጣኞች የሚለማመዱበትን የጎማ ሰው መሬት ላይ አስተኝታ፣ የጣቢያውን ጃኬት አልብሳ ዚፑን እስከ አንገቱ ዘግታዋለች።

«ቂርቆስ፣ ይሕደጎን ለማዳን ያደረግከውን አሳየኝ። ሳታስብ፣ እንደለመድከው።»

ቂርቆስ ተንበረከከ። እጁ ቀጥ ብሎ ወደ ዚፑ ሄደ፤ በአንድ ጊዜ እስከ ታች ከፍቶ ጃኬቱን ግራና ቀኝ ገለጠው። መዳፎቹን ደረቱ ላይ ደርቦ ሊጫን ሲል ቆመ። የገዛ እጆቹን አያቸው።

«የይሕደጎ ዚፕ ግን አልተከፈተም» አለች ደሪቱ። «ደረቱን አልተጫንክም። የአየር ፊኛውም ከነማሸጊያው ተሰቅሏል።»

«ደንግጬ… ሞቶ ነበር…»

«እስቲ ከሥሩ ልጀምር። ይሕደጎ ራሱን አልወጋም። በዚህ መድኃኒት ራሱን የወጋ ሰው መርፌውን ነቅሎ፣ ጥጥ አድርጎ፣ ፕላስተር ለጥፎ፣ እጅጌውን መልሶ፣ ሲሪንጁን ደግሞ አይጨብጥም። አቅሙ የለውም። ስለዚህ የወጋው ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው የወጋበትን ሳይሸፍን መሄድ የማያውቅ ሰው ነው። ጋሽ ለሜሳ መርፌ ይዘው አያውቁም፤ ደግሞ ይሕደጎ ጠዋት ኮሌታውን ላነቀው ሰው ክንዱን አይዘረጋም። ለሰምሃል ይዘረጋል፤ ግን እሷ በአንድ ሙከራ ደም ሥር አግኝታ አታውቅም፤ እዚህ ያለችው አንዲት ንጹሕ ቀዳዳ ናት። ራሱን ያመመው ሰው ማስታገሻ ውጋኝ ብሎ ክንዱን በእምነት የሚሰጠው ለማን ነው?»

ወደ ቂርቆስ ዞረች።

«ለአንተ ነው። ከሰዓት ለጋሽ ለሜሳ አንድ ነገር ሊነግራቸው መሆኑን ሰምተሃል። ምን ነበር?»

ቂርቆስ ከጎማው ሰው አጠገብ እንደተንበረከከ ቀረ። ድምፁ ሲወጣ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«የፌናንን የመተንፈሻ ቱቦ ወደ ሳንባዋ ያስገባሁ መስሎኝ ወደ ጨጓራዋ አስገባሁት። ይሕደጎ የልብ ምቷን ይከታተል ነበር። አይቶ ሲነቅለው ረፍዷል። ‹ለቤተሰቧ አብረን እንንገራቸው› ሲለኝ ሰነበተ። አቃተኝ። ‹ዛሬ ብቻዬን እነግራቸዋለሁ› አለ። ከዚህ ሥራ ሌላ ምን አለኝ? ምን ሆኜ ነው የምኖረው?» አለቀሰ። «ፕላስተሩን መለጠፌን አላውቅም። እጄ ብቻውን ነው የሠራው። ዓይኑ ክፍት ነበር፤ ያየኝ ነበር…»

ለሜሳ ከወንበሩ ተነስቶ ቂርቆስ ፊት ቆመ።

«ቀብሯ ላይ አፈር ስታለብስ ነበር» አለ በቀስታ። «ለቅሶ ቤት ከጎኔ ተቀምጠሃል። ብትነግረኝ… እኔንጃ ምን አደርግህ እንደነበር። ግን ይሕደጎ በሕይወት ይኖር ነበር።»

ፖሊሱ ቂርቆስን አንስቶ ካቴና አሰረው። ሰምሃል ወደ ደሪቱ ቀረበች።

«ኢንስፔክተር፣ እኔ በሩ ላይ ስደርስ… ገብቼ በፊኛው አየር ብሰጠው ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

ደሪቱ መዋሸት ፈለገች። ልጅቷ ግን ትምህርቷን ተምራለች፤ ብትዋሻትም አታምናትም።

«ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። መድኃኒቱ ቶሎ ይለቃል። እስኪለቅ የሚተነፍስለት ሰው ቢያገኝ ሊተርፍ ይችል ነበር። ቂርቆስም ይኼን ስለሚያውቅ ነው ከበሩ የመለሰሽ።»

ሰምሃል አላለቀሰችም። ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

ጠረጴዛው ላይ የነበረው የተረኛ ስልክ ጮኸ። ቂርቆስ በልማድ እጁን ወደ ስልኩ ሊዘረጋ ሲል ካቴናው ያዘው። ስልኩ መጮኹን ቀጠለ። ሰምሃል አነሳችው፤ ሰማች፤ ዘጋችው።

«ጎሮ ነው። የወለደች ሴት ደም አልቆም ብሏታል። ከሌላ ጣቢያ የሚላክ መኪና የለም።»

«ሌላ ባለሙያም የለም» አለ ለሜሳ።

«የለም።»

ሽማግሌው ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ የሁለተኛዋን አምቡላንስ ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አወረደ። ሰምሃል የሕክምና ቦርሳውን በሁለት እጇ አቅፋ ከኋላ ገባች። ደሪቱ በሩን ዘጋችላቸው፤ የትራፊክ ፖሊስ መንገድ እንዲያስለቅቅላቸው እየደወለች እስከ አስፋልቱ ድረስ ተከተለቻቸው።

ሳይረኑ ጮኸ። አምቡላንሷ ከሚኒባሶችና ከገልባጭ መኪኖች ኋላ ገብታ ቆመች። ለሜሳ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ልቀቁልን! ስለ እግዜር ልቀቁልን!» እያለ ይጣራ ነበር። ከፊቱ ያሉት መኪኖች ግን መሄጃ አልነበራቸውም።